ሦስት ጭን ላይ የተጋደመ ጊታር

«ጠጋ በይለት እቴ ዓይናዲስ፣ ጎረቤት አይደል? ባጃጅ ምኑ ይጠባል፣ የሚጠበው ሆድ ነው። ና ግባ ልጄ፣ እንደምን አደርህ? እናትህስ፣ የዳባት ሰዎችስ ደኅና ናቸው? ዘንድሮ ጤፉ ሸጋ ነው አሉ። እኛም ፒያሳ ነን። ይሄ የጥቅምት ብርድ ግን አጥንት ዘለቀ እኮ… ዕቃህን አታቁመው፣ መንገዱ ተቆፋፍሯል፣ ይሰበርብሃል። ጭናችን ላይ አጋድመው፣ ምን ይከብደናል።»

ደመቀ እትዬ አበቡ እንዳዘዙት በጋቢ የጠቀለለውን ጊታር አጋደመው። ሆዱ በራሱ ጭን፣ ወገቡ መሀል በተቀመጠችው በዓይናዲስ ጭን፣ አንገቱና ከጋቢው የወጣው ራሱ ደግሞ በእትዬ አበቡ ጭን ላይ አረፈ። ባጃጁ ከቁስቋም ቁልቁል ተንደረደረ።

እትዬ አበቡ የሰላም አክስት ናቸው፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ደመቀ ደግሞ ሰላምን ሊያገባ ካሰበ አምስት ዓመቱ ነው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ቃሉ አንድ ነው፤ «ጊታሩ ይለቅና ሽማግሌ እልካለሁ»። ዛሬ ጊታሩ ሊያልቅ የቀረችው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹን የምትለይ ጥፍር የምታህል የአጥንት ቁራጭ። ፒያሳ ያለው ጠጋኝ ሀብተሥላሴ «አምጣው፣ ዛሬ እገጥምልሃለሁ» ብሎታል። እንግዲህ እሑድ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ለጥር ሠርግ ይሆናል። ይህንኑ ለእትዬ አበቡ ለመንገር የሚያስፈልገው ትንሽ ክፍተት ነበር። እሳቸው ግን ክፍተት የሚሰጡ ሴት አይደሉም፤ ዝም ሲሉ እንኳ ዝምታው የራሳቸው ነው።

«ዓይናዲስ፣ ጊታር ካየን አይቀር… አንድ ሰው አውቃለሁ። ስሙን ተይው፣ ሰፈሩንም ተይው። ሸጋ ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም፣ እንዲያው ጨዋ። ይሄ ሰው አንድ ቀን ጊታር ገዛ። የኤሌክትሪክ፣ ራሱ ላይ የትልቅ ፋብሪካ ስም የተጻፈበት። በሩቅ ቢያዩት ወርቅ። ቀረብ ቢሉት… ፎርጅድ። ኧረ ይሄን አይደለም ልጄ፣ ያንተማ ያስታውቃል። የዚያን ሰውዬ ነው የምላት። እና ፎርጅድ መግዛት ነውር ነው እንዴ? እኔስ ለፋሲካ የገዛሁት ጫማ ቅዳሴው ሳያልቅ አፉን ከፍቶ አልሳቀብኝም? እኔ ግን ጣልኩት። እሱ አልጣለውም። ‹አሻሽለዋለሁ› አለ። አየሽ የልብ ደግነት? ይሄን የመሰለ አንጀት ያለው ሰው ከየት ይገኛል?»

ደመቀ ለመናገር አፉን ከፈተ። ባጃጁ ጉድጓድ ገባና አፉን መልሶ ዘጋለት።

«መጀመሪያ መቃኛዎቹን ቀየረ። እነዚያን እንደ ባለጌ ልጅ ጆሮ የሚጠመዘዙትን፣ ስድስቱንም። ከዚያ ክሩ የሚያርፍበትን ብረት። ከዚያ ድምፅ የሚስበውን ማግኔት። ከዚያ የሆዱን ሽቦ። ከዚያ ቀለሙን… ቀለሙንስ ሦስቴ ነው። ምነው ቢሉት ‹የፊተኛው ቀለም ድምፁን አፈነው› አለ። ቀለም ድምፅ ያፍናል እንዴ ዓይናዲስ? እኔ ምን አውቄ፣ ያልተማርኩ ሴት። እሱ ያው የተማረ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ… በአንዱ ዩኒቨርሲቲ። አገሩ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የለ?

«አንድ ነገር ግን አልነካም። ምን መሰለሽ? ስሙን። ራሱ ላይ የተጻፈውን ያንን የሐሰት ስም። እንዲያውም በጥጥ ይወለውለዋል አሉ፣ ጠዋት ጠዋት። እንግዲህ ፍረጂ… ብረቱ የእውነት፣ ሽቦው የእውነት፣ ማግኔቱ የእውነት። ሁሉን ቀይሮ ውሸቱን ብቻ አስቀረ። ታማኝ ሰው ማለት እንዲህ ያለ ነው።»

ደመቀ ሳይወድ በግዱ ወደ እትዬ አበቡ ጭን አየ። ስሙ ያብረቀርቃል። ጠዋት ከቤት ሲወጣ የወለወለው እሱ ራሱ ነው፤ ጥጡ እስካሁን ኪሱ ውስጥ አለ። አፈረ። የሚያሳፍረው ነገር ምን እንደሆነ ቢጠይቁት ግን ለመናገር ይቸገር ነበር።

«ደግሞ ይሄን ስሚኝማ። እናቱ ከገጠር ሊጠይቁት ይመጣሉ። ጊታሩን ከድምፅ ማጉያው ያገናኘዋል፤ ማንም ሳይነካው ‹እእእእ› ይላል። ያጉረመርማል። እጁን ክሩ ላይ ሲያሳርፍ ጭጭ። ሲያነሳ ‹እእእእ›። ሴትዮዋ ይሄን አይተው ምን ይበሉ? ‹ልጄን አይደለም የያዘው፣ ዕቃውን ነው› አሉ። እሱ ሥራ በዋለበት አጠመቁት። ጊታሩን። ከራሱ እስከ እግሩ፣ አንድ ጀሪካን ፀበል፣ በስመ ሥላሴ ብለው። መቁጠሪያቸውንም አንገቱ ላይ አስረውለት ነበር አሉ። ማታ መጥቶ ሲሰካው… ምንም። ማጉረምረሙ ለቀቀ፣ ድምፁም አብሮ ለቀቀ። እናት እልል አሉ። እሱስ ተቆጣ? አልተቆጣም። ጨዋ ነው ብዬሻለሁ። ‹ይሁን፣ በዚሁ የተሻለ ማግኔት አስገባለታለሁ› አለ። ስድስት ወር ፈጀ። ፀበሉ በአንድ ቀን የሠራውን ሰው በስድስት ወር መለሰው።»

ዓይናዲስ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አደረገች። የሳቋን ነገር ትከሻዋ ያሳብቅባት ነበር፤ ጊታሩም አብሯት ይንቀጠቀጣል። ባለ ባጃጁ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰ። በመስታወቱ ደመቀን አንድ ጊዜ አየና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ለምን ይመስልሻል? ለአንዲት ልጅ ነው። ጊታሩ ሲያልቅ ሆቴል ከሚጫወተው ባንድ ይገባል፣ ባንድ ሲገባ ሽማግሌ ይልካል፣ ሽማግሌ ሲልክ ያገባታል። ሸጋ ሐሳብ አይደለም? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እሱ እንቁላሉን ታቅፎ ጫማ ያማርጥለታል። ጥር ይመጣል፤ ‹ማግኔቱ መንገድ ላይ ነው›። ጾም ይገባል። ዳግም ትንሣኤ ይመጣል፤ ‹ሽቦው ተቃጠለ›። ክረምት ይገባል፤ በክረምት ደግሞ እንጨቱ ያብጣል አሉ። እንጨት ሲያብጥ ማን ይዳራል? እስከዚያው ባንዱ ፈረሰ። ዘፋኙ አግብቶ ሁለት ወልዷል። ከበሮ መቺውም ንስሐ ገብቶ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተምራል። እሱ ብቻ ነው የቀረው… ለሌለ ባንድ የሚዘጋጅ። ጽናት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

«ኧረ እንዲያውም፣ ሰው አይታማም፣ ዓምና በጥር ሽማግሌ ልኳል። ሦስት የተከበሩ ሰዎች፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው። እነልጅቱ ቤት አጎዛው ተነጠፈ፣ ጠላው ተቀዳ። ‹ግቡ› ተባሉ፣ ገቡ። ‹ተቀመጡ› ቢሏቸው ‹የመጣንበትን እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም› አሉ። ያው ወግ ነው። ‹ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?› ቢባሉ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና… ‹ልጃችሁን ልንጠይቅ የምንመጣበትን ቀን እንድታራዝሙልን ልንለምን ነው› አሉ። ሰማሽኝ ዓይናዲስ? ለመጠየቅ አይደለም። መጠየቂያውን ለማራዘም። ማግኔቱ አልደረሰማ። ‹እሺ እስክትሉን አንቀመጥም› ብለው እዚያው ቆሙ። አንደኛው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግድግዳ ተደግፈው። ምን ይደረግ? ሽማግሌ ቆሞ አይቀር… ተራዘመላቸው። መርቀው፣ በልተው፣ ጠጥተው ሄዱ። ጎንደር ይሄን ሁሉ ዘመን ኖራ እንዲህ ያለ ሽምግልና አይታ ታውቃለች?»

ያ ቤት የእትዬ አበቡ ቤት ነበር። ጉሮሯቸውን የጠረጉት አያ ወልደኢየሱስ ከዚያ ቀን ወዲህ ደመቀን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ደመቀ ግን ያን ጊዜ ነገሩን አውጥቶ አውርዶ ነበር፤ ዝም ቢል ንቀት ይሆናል፣ በስልክ ቢናገር ብልግና ይሆናል፣ ሽማግሌ ቢልክ ግን ማን ይወቅሰዋል? ከጥር ወዲህ በዚያ አሳቡ ሲኮራ ከርሞ ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ሲሰማው ጆሮው ጋለ።

«እኔማ አንድ ቀን ሬዲዮኔን ላሠራ ብወስድ ጠጋኙን ሀብተሥላሴን ጠየቅኩት። ‹እንዲያው ለነገሩ፣ ፎርጅድ ጊታር ቢያሻሽሉት ይረባል?› አልኩት። ለራሴ እንዳይመስልሽ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን ልዘፍን። ‹እትዬ አበቡ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ከሆነ በደንብ ይረባል› አለኝ። ‹የረከሰውን ሽቦ ቀይረው፣ ማግኔቱን ቀይረው ከውዱ የማይተናነስ ይወጣዋል። አንገቱ ጠማማ ከሆነ ግን ወርቅ ቢያለብሱት ቅኝት አይቀበልም። ስለዚህ አስቀድሞ አንገት ይታያል› አለኝ። እና የዚያ ሰውዬ እንዴት ነው? አልኩት። ሀብተሥላሴ ክርስቲያን ነው፣ ሰው አያማም… ሬዲዮኔን አገላብጦ አገላብጦ ‹ባትሪው ነው› አለኝ።»

ይህን እያሉ የጊታሩን ራስ ቀና አደረጉና፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሳንቃ እንደሚመርጥ አናጢ አንገቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከቱ። ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ መለሱት።

አንገቱ ጠማማ ነው። ደመቀ ይህን በገዛው በመጀመሪያው ወር አውቆታል። ለማንም አልተናገረም፤ ለሀብተሥላሴም ቢሆን። ከዚያ ወዲህ የቀየረውን ሁሉ የቀየረው አንገቱን ላለማየት ነው። የአንገቱ ነገር ከተነሳ ጊታሩ ይጣላል፤ ጊታሩ ከተጣለ ደህና ጊታር ይገዛል፤ ደህና ጊታር ከተገዛ ደግሞ ድምፁ ሲበላሽ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? ፈራ እንጂ አልሰነፈም። ይህን ለራሱ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር፤ እንዲያውም ቀለል አለው። ጊታሩን እዚሁ ይጥለዋል። ሽማግሌውን እሑድ ሳይሆን ነገውኑ ይልካል። የሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ፣ ነውር ይሁን አይሁን፣ የትልቅ ሰው ንግግር አቋርጦ ይናገራል።

መታጠፊያው ደረሰ። እትዬ አበቡ ቀደሙት።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፣ ዓይናዲስ። እውነት ነው። ያልቸኮለስ? ያልቸኮለውን ሌላ ሰው ለቀመለት። ባለፈው እሑድ አንድ ቤት ሽማግሌ መጣ። ሁለት ብቻ። የላካቸው ፋንታሁን የሚሉት ልጅ ነው፣ ሆስፒታል የሚሠራ። ምንም አይጫወትም፣ ምስኪን። ክራር የለ፣ ማሲንቆ የለ፣ ፉጨት እንኳ አይችልም አሉ። ግን መጡ፣ ጠየቁ፣ እሺ ተባሉ፣ ተቀመጡ። ወጡ ሳይበርድ አለቀ። ልጅቱን ‹አንቺስ ምን ትያለሽ?› አልናት፤ ዛሬ እንደ ድሮ ሳይጠይቁ አይሰጥም። ‹አምስት ዓመት ሙሉ ሲቃኝ ሰማሁ፣ አንድ ዘፈን አልሰማሁም› አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ እኔ አልገባኝም… ለጥር ነው። ያው ጥበቡን ዛሬ ልንመርጥ፣ አንቺ ዓይን አለሽ ብዬ አይደል በጠዋት ያስነሳሁሽ?»

ፒያሳ ደረሱ። ደመቀ አፉ ውስጥ የያዛትን «ነገ» የምትል ቃል ዋጣት። ሰላም በዚያው እሑድ ማታ ደውላለት ነበር። የማግኔቱን ሽቦ እየበየደ ስለነበረ «ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብሏት ረስቶት ነበር። አሁን ትዝ አለው።

ዓይናዲስ ዓይኑን ሳታይ በወዲያኛው በኩል ወረደች። እትዬ አበቡ ግን አልቸኮሉም። የጊታሩን አንገት በሁለት እጃቸው አንስተው እንደታመመ ልጅ ትከሻው ላይ አስደገፉለት፤ ብርድ እንዳይነካው ጋቢውን ሸፈን አደረጉለት። ጉንጩንም ዳበስ አደረጉት። ባጃጁ ከተነሳ ወዲህ እሱን ቀና ብለው ሲያዩት ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ እሱም የባሰበት ይኸው ነው።

«በል እንግዲህ ልጄ፣ ተባረክ። እንደዚያ ካለው ሰው ይሰውርህ። እጅህን ይባርክልህ፣ የጀመርከውን ያስፈጽምህ። ዕድሜ ይስጥህ፣ ረጅም ዕድሜ… አንተን መቼም ሌላ ነገር አያንስህም። የጥር ወሩን ሠርግ አታስብ፣ ለእሱ ማሲንቆ መቺ ይዘናል፤ አንተ ሥራህን ረጋ ብለህ ሥራ። ለሰላም የበኩር ልጅ ክርስትና ጊታርህን ይዘህ ለመምጣት ያብቃህ። ለክርስትናውም ባይደርስ ግድ የለም፣ አትጨነቅ… ልጁ አድጎ ሲዳር ያድርስልህ። አሜን በለኛ፣ ልጄ።»