የመልስ ከረሜላ

እኔ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የምሠራ፣ ማሽላ ሳይ የምውል ሰው ነኝ። ስለ ሱቅና ስለ ንግድ ልምከር ብል የሚሰማኝ የለም። ሆኖም መርሳ መናኸሪያ አጠገብ የሰማሁትን በሆዴ ይዤ መቅረት አልሆነልኝም።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ወደ ወልድያ የሚመልሰኝ መኪና ስጠብቅ ጠማኝና ከጋሽ ኡበይደላ ሱቅ ውኃ ገዛሁ። ጋሽ ኡበይደላን የመርሳ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሚዛን አያጎድሉም፤ በረመዳን ለመንገደኛው ማፍጠሪያ ተምር ያድላሉ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሐጅ ሊሄዱ አንድ ወር ቀርቷቸው ነበርና ከግራና እስከ ወልድያ ዘመድ ጎረቤቱን እየዞሩ "አፉ በሉኝ" ሲሉ ሰንብተዋል። ለዚያ መንገድ የተነሣ ሰው የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይሄድም፤ የበደለውን ሁሉ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚወጣው።

ሦስት ብር መልስ ይቀረኝ ነበር። ጋሽ ኡበይደላ እጃቸውን ባንኮኒው ላይ ወዳለው ብልቃጥ ሰደዱና ሁለት ከረሜላ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

"ዝርዝር የለኝም፤ አብሽር፣ አፍህን አጣፍጥበት" አሉኝ።

አመስግኜ ወደ ኪሴ ልከተው ስል ከኋላዬ የቆመች ወጣት "ጋሽ መልካሙ፣ ከረሜላ ይወዳሉ እንዴ?" አለችኝ። ሀስና ናት፤ የጋሽ ኡበይደላ የእህት ልጅ፣ ግራና የምታስተምረው።

"ኧረ እኔስ ስኳር አለብኝ" አልኳት።

"ታዲያ ለምን ተቀበሉ?"

ምን ልበላት? ለሦስት ብር አፉን የከፈተ ሰው ቋጣሪ ይባላል። ይህንኑ ነገርኳት። እሷም ወደ አጎቷ ዞረች።

"አጎቴ፣ ነገ ሁለት ከረሜላ ይዤ መጥቼ ክብሪት ልግዛ ብል ይሸጡልኛል?"

ጋሽ ኡበይደላ ሳቁ። "ከረሜላ ገንዘብ ነው እንዴ?"

"እኔም እሱን ነው የምለው።"

ሳቁን ተዉት። ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል፤ ግን ነጋዴ በአንድ ቃል አይረታም።

"ልጄ፣ አንቺ ደሞዝሽ በባንክ ይገባልሻል፤ የሱቅን ጣጣ አታውቂም። አውቶቡስ ሲቆም አርባ ሰው ባንድ ጊዜ ይወርድብኛል፤ ሁሉም ድፍን መቶ ይዞ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል። ሳንቲም ከየት ልውለድ? ከረሜላውንም ቢሆን በገንዘቤ ነው የገዛሁት።"

"በጅምላ ሲገዙት ይረክሳል። ለመልስ ሲሰጡት ግን በሱቅ ዋጋ ነው። መልስ በሰጡ ቁጥር ያተርፋሉ ማለት አይደለም?"

"ያልፈለገ ይናገራ! የማንን እጅ ያዝኩ?" አሉ፤ አሁን ተቆጥተዋል።

"ጋሽ መልካሙ ስኳር እያለባቸው አልተናገሩም። ሰው ያፍራል፣ አጎቴ። አንቱ በሰው ማፈር ነው የሚያተርፉት።"

ይህ ለአጎት የሚነገር ቃል አልነበረም፤ እኔ ራሴ ክው አልኩ። እሷም ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ይቅር ይበሉኝ። ግን ቁርአን ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት። ሁለቱ ወገን ወደው ያልተስማሙበት ንግድ ንግድ አይደለም ያሉኝ አንቱ ነዎት።"

ላስታርቅ ብዬ ገባሁ። ሽማግሌነት መቼም ጥርሴን ከነቀልኩ ጀምሮ ያለብኝ በሽታ ነው። "አታካብጂው ልጄ፤ ሦስት ብር ለማን ምን ይሆናል?"

"ለአንቱ ምንም አይሆንም፣ ጋሼ። ለተሳፋሪው ሁሉ ግን ምንም አይሆንም ብለን የፈረድነው እኛ ነን፤ እሱን የጠየቀው የለም።" ከዚያ ወደ አጎቷ ተመለሰች። "የመርሳን ሰው አፉ በሉኝ ብለዋል፤ የግራናንም ብለዋል። ውኃ ገዝቶ ወደ መቀሌ ያለፈውንስ? ለልጇ ብስኩት ገዝታ ወደ ደሴ የወረደችውንስ? የት አግኝተው አፉ በሉኝ ይሏቸዋል?"

ጋሽ ኡበይደላ የለስላሳ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አሉ። ደንበኛ መጥቶ "ሳሙና አለ?" ቢላቸው አልሰሙትም። ሀስና ሸጠችለት።

"ሱብሃነላህ" አሉ አጎቷ። "እኔ እኮ የማንም ሐቅ የለብኝም እያልኩ በየቤቱ እየማልኩ ነው የዞርኩት። አሁን ምን ላርግ? አርባ አርባ ሰው፣ ስንት ዓመት ሙሉ!"

"ስላለፈው ዑለማዎቹን ይጠይቁ፤ ባለቤቱ ለማይገኝ ገንዘብ በስሙ ሰደቃ እንደሚወጣ ያውቃሉ። የሚመጣውን ግን ከዛሬ ማቆም ይቻላል።"

"በምን? ሳንቲሙ ጠፍቷል ስልሽ!"

"የት ጠፋ?" አለች ሀስና።

የሄደበትን እኔ ነበርኩ የማውቀው። ማታ ሱሪዬን ሳወልቅ ከኪሴ የቀረውን ሳንቲም የምወረውርበት የወተት ጣሳ አለኝ፤ እሱ ሞልቶ ሌላ ጀምሬያለሁ። ለምን እንደማስቀምጠው አላውቅም። ለቁጠባ እንዳልል ባንክ አይገባም፤ ለምጽዋት እንዳልል ለማንም አልሰጠሁትም። ይህን እዚያው ተናዘዝኩ።

"እንግዲህ በየቤቱ አንድ ጣሳ አለ ማለት ነው" አለች። "መስጊዱም የሰደቃ ሣጥኑን ሳንቲም ድፍን ብር የሚያደርግለት አጥቷል። ቤተ ክርስቲያኑም እንደዚሁ። እነሱ ድፍን ይፈልጋሉ፤ አንቱ ዝርዝር ይፈልጋሉ። መንገድ ተሻግሮ መጠየቅ ብቻ ነው የቀረው።"

ጋሽ ኡበይደላ ተነሡ። የከረሜላውን ብልቃጥ ከፊት አንሥተው ለሽያጭ ከብስኩቱ ጎን አስቀመጡት፤ እኔንም "ከረሜላዬን መልስልኝ፤ ሦስት ብርህን ሳልሰጥህ ከመርሳ አትወጣም" አሉኝ። ሀስና ከቦርሳዋ ዘረዘረችላቸው።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከመስጊዱ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ሳንቲም እየተቀበሉ ድፍን ይመልሳሉ። እኔም ሁለቱን ጣሳዬን አመጣሁ፤ በተገኘው የልጅ ልጄን ደብተር ገዛሁበት። የጥቅሙ ነገር ከዚህም ያልፋል። ሱቅ የተላከ ሕፃን ጥርሱን የሚያበሰብስ ነገር እየቆረጠመ መመለሱ ቀረ፤ እናቱም መልሷን ቆጥራ ትቀበላለች። አንዱ ነጋዴ ሲያደርገው ጎረቤቱ አፍሮ ተከተለ። ደንበኛም በዛላቸው። ሦስት ብርን ስንንቅ ሦስት ብር ቁም ነገር የሆነበት ሰው መኖሩን እንረሳለን፤ እኔ ከዚህ ነገር የተማርኩት ይህንን ነው።

ጋሽ ኡበይደላ ግን ልባቸው አላረፈም ነበር። ሰደቃውን አውጥተዋል፤ ዑለማዎቹም አብሽር ብለዋቸዋል። ያም ሆኖ በየአውቶቡሱ መስኮት ከረሜላ የሰጡትን ሰው ፊት ሲፈልጉ ነው የከረሙት።

የሚሄዱበት ቀን ደረሰና ልንሸኛቸው ወጣን። ከወልድያ የመጣው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ቆመ። ጋሽ ኡበይደላ ገቡና ሳይቀመጡ መተላለፊያው ላይ ቆሙ። እኔና ሀስና በሩ ላይ ነበርን።

"ወገኖቼ፣ ሐጅ ልሄድ ነው። ከዚህ ሱቅ ዕቃ ገዝታችሁ በመልስ ፋንታ ከረሜላ የሰጠኋችሁ ካላችሁ፣ አፉ በሉኝ።"

ጥቂቶች ሳቁ። ብዙዎቹ "አፉ ብለናል አባታችን፣ በሰላም ይመልስዎ" አሉ። ከኋላ ግን አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች ሴት እጇን አወጣች።

"እኔ አለሁ። አምና ለፋሲካ ወደ አገሬ ስሄድ ነው። ሦስት ብሬን በከረሜላ ሰጡኝ፤ እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። አሁን ሦስት ብሬን ይስጡኝና አፉ እላለሁ።"

ጋሽ ኡበይደላ በሰው መሐል እየተሹለከለኩ ሄደው፣ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሦስት ባለ አንድ ብር ሳንቲም አንድ በአንድ መዳፏ ላይ ቆጠሩላት።

"አፉ ብያለሁ" አለች።

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ ሌላ እፍኝ ሳንቲም ከኪሳቸው አወጡ።

"ሌላስ አለ?" አሉ ወደ ተሳፋሪው ዞረው። "እባካችሁ አትፈሩ፤ ሌላስ?"