በካርዱ ላይ የተጻፈው ወኔ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት የልጃቸውን የትምህርት ቤት ካርድ አጠገባቸው ላሉት ሽማግሌ አሳዩ።

«ጋሼ፣ መምህሩ ‹ወኔ አለው› ብሎ ጻፈ። ምን ማለት ነው?»

«የያዘውን ሥራ ሳይፈራ፣ በሙሉ ልቡ ይሠራል ማለት ነው። ምነው ለኔ ልጅ ትንሽ ባበደረው!»

«አባቱም እንደዚያ ነበር። ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ሲወጣ ይዘፍን ነበር።»

«ነበር አልሽ?»

«እየዘፈነ ወደቀ።»

«ነፍሱን ይማር። ልጁስ የት ነው?»

«ከቦንጋ ወዲያ፣ ማንኪራ፣ አጎቱ ጋ። ዛሬ የአባቱን ቀፎ ልሰቅል እወጣለሁ ብሏል አሉኝ። ስልክ አያነሳም።»

«ሾፌር! ትንሽ ፍጠንላት እባክህ።»

የልጁን መጨረሻ ሳላውቅ አድሬ፣ በማግስቱ ጠዋት ለወንድሜ ደወልኩ፤ ስልክ ማንሳቱን ብቻ ነበር የፈለግሁት፣ «ሃሎ» ሲለኝ ዘጋሁት።