ለሞተሩ ብቻ

ከማርቆስ ባሕር ዳር በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጠ፣ ጢም ሳያበቅል ሚስት ያገባ ዓሣ አጥማጅ ሁለት ባትሪ ወንበሩ ሥር አስገብቶ አጠገቡ ላሉት ገበሬ ያወራል።

«ባለፈው ባትሪው አልቆ ሐይቁ መሀል የጀልባዬ ሞተር አልነሳም አለኝ። ሚስቴ ዳር ቆማ ስታለቅስ ዋለች።»

«አሁን ሁለት ገዛሃ።»

«አዎ አባባ። አንድ ላይ ሳያይዛቸው መብራቱንም፣ ስልኩንም፣ ቴፑንም ይችላሉ።»

«ሞተሩስ?»

«እሱም ከዚያው።»

«አብረው ከሠሩ አብረው ያልቃሉ። እናንተ ቤት ዘርና ቀለብ አንድ ጎተራ ነው የሚገባው?»

«ኧረ፣ ዘርማ ለብቻው ነው።»

«እንግዲያው አንዱን ለሞተሩ ብቻ ለይተህ እሰረው። ቴፑ እንዳይነካው።»

«ዘፈኑ ቢቋረጥብኝስ?»

«ይቋረጥ። ሚስትህ ዳር ሆና የምታዳምጠው የሞተሩን ድምፅ ነው።»

እኔም ወንበሩ ሥር አንዱ ባትሪ ላይ አሳርፌው የመጣሁትን እግሬን ቀስ ብዬ አነሳሁለት።