ማግኔቱና ጋሽ ፊውዝ

ጆሮዬን ልታይ ሆስፒታል ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ፊውዝን አገኘኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመብራት መስመር ሲዘረጉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። የእህታቸውን ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋን፣ ክንዷን ይዘው ወደ መውጫው ይጎትቷታል።

«ምነው ጋሼ?»

«መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት! የዚችን ልጅ ጭንቅላት በኤሌክትሪክ ሊጠብሱት ነው። እኔን ሁለቴ ይዞኝ ከምሰሶ ወድቄያለሁ። ዘመድ አያውቅም!»

ልጅቱ ክንዷን አስለቀቀች። «እኔ ምሰሶ አልወጣ፣ አጎቴ! ማግኔት ነው፤ ከራሴ ውጭ ነው የሚያዘው።»

«ቤትሽ ዝም ብለሽ ብታርፊስ?»

«ማን ዝም አለና! ሁለት የማይታዩ ሰዎች ከጧት እስከ ማታ ጆሮዬ ላይ ይሰድቡኛል። ትናንት ያለቀ ቀሚስ ሦስት ጊዜ አስፈቱኝ። መድኃኒቴን አንድ ቀን አላጓደልኩም፤ ሌላው ሕመሜ ቀለለ፣ እነሱ ግን አልሄዱም። እርስዎ ደግሞ ለጎረቤት ‹ራሷን ያማታል› ይላሉ።»

«ስምሽ እንዳይጠፋ ብዬ ነዋ!»

«እኔ ከምጠፋ ስሜ ይጥፋ!»

እሰይ! አልኩ በልቤ። እግሩ የተሰበረውን ተሸክመን እንሮጣለን፤ አእምሮው የታመመውን ግን እንደ ሌባ ዕቃ እንደብቃለን። የሚያሳፍረውስ ይሄ የኛ ሥራ ነው።

ጋሽ ፊውዝ ልጅቱን ልትጠራ ብቅ ወዳለችው የሕክምና ባለሙያ ዞሩ። «ትድናለች ብለሽ ትምያለሽ፣ ልጄ?»

«አልምልም፣ አባቴ። ድምፁ የሚቀንስላቸው አሉ፤ ምንም የማይለወጥላቸውም አሉ። አልፎ አልፎ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ስለሚችል አስቀድመን መርምረናታል። ክኒኗም አይቋረጥም። ይግቡና ይዩ።»

ገባን። ባለሙያዋ የሚበቃትን የኃይል መጠን ለመለካት ማግኔቱን ወደ ልጅቱ ራስ አስጠግታ ቁልፉን ስትጫን «ቷ!» አለ፤ የልጅቱ አውራ ጣት ብድግ አለ። ጋሽ ፊውዝ ዘለሉ፤ ልጅቱ ሳቀች።

«አመመሽ?»

«የእርስዎ ቁንጥጫ ይብሳል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። «ይሄማ የሽቦ ጥቅልል ነው። ሽቦው ሳይነካት ነው ጣቷን ያንቀሳቀሰው?»

«ሳይነካት» አለች ባለሙያዋ። «አሁን ደግሞ ከግራ ጆሮዋ በላይ እናደርገዋለን፤ ንግግር የምንሰማበት የአንጎል ክፍል እዚያ ነው።»

«ከሽቦ ጋር አርጅቼ ይሄን አላወቅሁም» አሉ ጋሽ ፊውዝ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «በሉ ቀጥሉ።»

በሦስተኛው ሳምንት ለጆሮዬ ተመልሼ ስሄድ ኮሪደሩ ላይ ዳግም ተገናኘን። «ዛሬስ ምን አሉሽ?» ሲሏት ሰማሁ፤ እንዲህ ብለው ጠይቀዋት አያውቁም ነበር።

«አልጠፉም፤ ግን ዝቅ ብለዋል። ደንበኛ ስታናግረኝ ቃሏን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። እንቅልፍም ይወስደኛል።»

ይሄ ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው አንድ ቀን በእሷ ጆሮ ይዋል!

በዚህ መሀል አንዲት ጎረቤታቸው አልፋ ስትሄድ ቆም ብላ «ደህና ነው? ማን ታሞ ነው?» አለች።

ጋሽ ፊውዝ ብድግ አሉ። ኮሪደሩ ሁሉ እስኪዞር ጮክ ብለው «የእህቴ ልጅ ናት፤ የሌለ ሰው ድምፅ ትሰማለች፣ እየታከመች ነው!» አሉ። «እርስዎም ቤት የተደበቀ ካለ ያምጡት!»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ጭብጥ አድርጋ ይዛ ቀስ ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ «ወንድሜ አለ» አለች።