ያልተናጠ ቅቤ

በእኛ ጊዜ ቢቸና ወተት አይሸጥም ነበር። ምን ታፈጥብኛለህ፣ አይሸጥም ነበር አልኩህ። አንተ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ብለህ "እማሆይ፣ ያኔ ሰዉ ላም እያለው፣ መሬት እያለው ለምን አልከበረም፣ ገበያው ለምን አልሰፋም" ትለኛለህ፣ እኔ ምኑን አውቄ፣ እኔ የማውቀው የወተቱን ነው። ቅቤ ይሸጣል፣ ማር ይሸጣል፣ ዶሮ ከነእንቁላሏ ትሸጣለች፤ ወተት ግን ለአራስ ይሰጣል፣ ለታመመ ይሰጣል፣ ለጎረቤት ይሰጣል እንጂ ገንዘብ የተቀበለችበት ሴት ስሟ ጠፋ በቃ። ላሟም ትነጥፋለች ይባላል። እና ይኸው ወተት እኔን ከትዳሬ ሊያስወጣኝ ነበር፣ አታስቁኝ እንጂ ገና ሳልጀምረው።

እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ። አያታችሁን አበጀን አግብቼ ቢቸና ስመጣ አባቴ አንዲት ቦራ ጊደር ሰጥቶኝ እየነዳናት መጣን። ታዲያ አማቴ ወይዘሮ ስመኝ ጊደሯን ባዩ ጊዜ ከእኔ ይልቅ እሷን ወደዷት፣ እውነቴን ነው የምላችሁ። ወለደች፣ ላም ሆነች፣ እና ከዚያ ወዲያ ማንንም እጅ አያስነኩም፤ እሳቸው ናቸው የሚያልቧት፣ እኔ ደግሞ ወተቱን ተቀብዬ አስረጋለሁ፣ እንጣለሁ። እንግዳ ሲመጣ እኔን "ይች ምራቴ ናት" ብለው ያልፋሉ፣ ላሟን ግን በረት ድረስ ወስደው ነው የሚያሳዩት።

ታዲያ ከአጥራችን ወዲያ ዩሱፍ የሚባል ሐኪም ተከራይቶ ገባ። ሐኪም ስላችሁ ድሬሰር ነው፤ ያኔ መርፌ የያዘ ሁሉ ለእኛ ሐኪም ነው። ከሐረር ተመድቦ የመጣ፣ ከሰው የሚግባባ፣ ሳቂታ ሰው። ሚስቱ ዘሃራ ሴት ልጅ ወልዳ አራስ ናት፣ እና ትኩሳት ያዛትና ጡቷ ደረቀ። የቆርቆሮ ወተት ከአዲስ አበባ ላስመጣ ቢል ክረምት ነው፣ መኪናው ከደጀን ወዲህ ጭቃ ይዞት ቀረ። አንድ ቀን እኛ ወተት ሰጠነው፣ አንድ ቀን ሌላ ጎረቤት ሰጠው፣ በአራተኛው ቀን ሰውየው ገንዘብ ይዞ ደጃችን ቆመ።

"እሜቴ፣ ወተት ይሽጡልኝ" አለ።

አማቴ ቀና ብለው "ምን አልክ?" አሉ።

"ወተት። በገንዘቤ፣ በየቀኑ እንድወስድ።"

"ድሃ መሰልኩህ? ቅልህን አምጣና በነጻ ውሰድ።"

"በነጻማ ሦስት ቀን ወሰድኩ። በየቀኑ ጎረቤት እየዞርኩ እጄን ስዘረጋ ልመና ሆነብኝ እኮ። እኛ ሐረር ወተት ሻጯ ጠዋት በር ታንኳኳለች፣ ይከፈላታል፣ ትሄዳለች፣ ማንም ማንንም አያፍርም።"

"እንግዲያው ሐረር ሂድና ግዛ።"

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ አልመጣም። አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ክፉ እንዳትሏቸው፤ እሳቸው መሸጥ ያፍራሉ፣ እሱ በነጻ መውሰድ ያፍራል፣ እና በሁለት ሰው እፍረት መሃል ያች ሕፃን ትራባለች። ለቅሶዋ በአጥሩ በኩል ይሰማል። ወቅቱ ደግሞ ፍልሰታ ነው! እኛ ቤት ከትንሽ እስከ ትልቅ ሁሉ ይጾማል፣ ወተት በአፉ የሚያዞር የለም፣ ቅሉ ሁሉ ሞልቶ ተሰቅሏል። አንጀቴ አልችል አለኝና ተነስቼ ሄድኩ።

"ሐኪም፣ ቅቤ ይፈልጋሉ?" አልኩት።

"ቅቤ ምን ያደርግልኛል፣ ለልጄ ቅቤ ላጉርሳት?" አለኝ። ከዚያ ደግሞ ቆም አለና "ቆይ፣ እናንተ ቅቤ ትሸጣላችሁ?" አለ።

"እንሸጣለን እንጂ።"

"ቅቤ ከምንድን ነው የሚወጣ?"

"ከወተት ነዋ።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ቅቤ ቅቤ ነው፣ ወተት ወተት ነው" ስለው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "እንግዲህ ይስሙኝ" አልኩት፣ "ወተት አልሸጥልዎም፣ ነውር ነው። ቅቤ ነው የምሸጥልዎ። ግን እጄ ስለደከመኝ ሳልንጠው ነው የማመጣው። መናጡን እርስዎ ይናጡት፣ ካልናጡትም የራስዎ ጉዳይ ነው።" ዘሃራ ከተኛችበት ትስቃለች፣ በትኩሳቷ ላይ፣ ሆዷን ይዛ። እሱም "ወላሂ እንዲህ ያለ ቅቤ ገዝቼ አላውቅም" አለና ተስማማን። እና መዋሸት አልፈልግም፣ ለጽድቅ ብቻ አልነበረም። ያኔ ኮንጎ ጫማ የሚሉት የላስቲክ ጫማ ገበያ ላይ ወጥቶ ነበር፣ እና እሱን አይቼ ልቤ ተሰቅሎ ቀርቷል።

ታዲያ አማቴ አልበው ወተቱን ይሰጡኛል፣ እኔ ሳላስረጋው አንድ ቅል በአጥሩ ሥር አሳልፋለሁ። ሕፃኗ ጉንጭ አወጣች፣ እኔ ጫማ አወጣሁ። አማቴ "ቅቤው ለምን አነሰ?" ሲሉኝ "ብርዱ ነው እሜቴ፣ አልወጣም አለኝ" እላለሁ። እና ምን ዋጋ አለው፣ አላስችል ብሎኝ እሑድ ጫማውን ተጫምቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩላችኋ! አማቴ እግሬን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ እንደገና እግሬን አዩ። ስንመለስ በቀጥታ ሐኪሙ ቤት ገቡ፣ የእኛ ቅል ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። "ላሜን ልታነጥፋት! የሞጣ ነገር፣ ድሮም ለመነገድ የተፈጠሩ!" አሉ። "አባቷ ይጠራና ወደመጣችበት ይውሰዳት።" አበጀ አንዴ እናቱን ያያል፣ አንዴ እኔን ያያል። እኔ ደግሞ አበጀን እወደው ነበር፣ እናንተ ስታውቁት የሸመገለውን ነው እንጂ ያኔ ሲያዩት ነው። ከእሱ ተለይቼ ሞጣ የምመለስ መስሎኝ ስንት ቀን አለቀስኩ።

አባቴ በበቅሎ መጣ። የነፍስ አባታችን አባ ወልዴ በመሃል ተቀመጡ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ሐኪሙም ተጠራ። አባቴ ገና ሳይጠየቅ "ልጄ ከሞጣ ስትወጣ ወተት አትሸጥም ነበር፤ ቢቸና ነው ያስተማራት" አለ። አማቴ ከተቀመጡበት ሊነሱ። አባ ወልዴ ሁለቱንም ዝም አሰኙና "አንቺ ልጅ፣ ሸጠሻል?" አሉኝ።

"ቅቤ ነው አባ። ሳልንጠው ነው የሸጥኩት።"

አባ ወልዴ ጺማቸውን ያዙ፣ ሳቃቸውን እየያዙ መሆኑ ገባኝና ነፍሴ መለስ አለች። "ቅቤ መሸጥ ነውር ነው?" አሏቸው ሽማግሌዎቹን። "አይደለም" አሉ። "ቅቤ የገዛ ሰው ምን አደረገው ተብሎ ይጠየቃል?" "ኧረ አይጠየቅም።" ልድን ነው እኮ፣ በቃ ዳንኩ። አባ ወልዴ ወደ ሐኪሙ ዞሩና እንዲያው ለጨዋታ ያህል "ሕፃኗ ተሻላት?" አሉት። እሱ የሐረር ሰው፣ ወተት ማለት የማያሳፍረው፣ ስለ ልጁ ሲጠይቁት ደስ ብሎት ሁሉን ረሳው። "ድናለች አባ፣ ወተቱን መግዛት ከጀመርኩ ወዲህማ ወፍራለች፣ የዚህን ላም የመሰለ ወተት አይቼ አላውቅም" አላቸው። እኔ በቁሜ ውሃ ሆንኩ። አማቴ አጨበጨቡ። "ሰማችሁ? ወተት አለ ከራሱ አፍ!"

አባቴ ለበቅሎው ኮርቻ ጫኑ ሊል ነው። አባ ወልዴ ግን ትንሽ አሰቡና "ወይዘሮ ስመኝ፣ ወተት መሸጥን አባቶች ለምን ነቀፉት?" አሉ።

"ላም ስለሚያነጥፍ ነዋ አባ።"

"ደግ። ላምዎ ነጠፈች?"

እዚህ ላይ ነጠፈች ቢሉ እኔ ሞጣ ነኝ። አንድ ቃል ናት። አማቴ አፋቸውን ከፈቱ፣ አየሩን ሳቡ፣ እና ላሟን ማማት አልሆነላቸውም። "የእኔ ላም?" አሉ፣ "የእኔ ላም ልትነጥፍ? ዛሬ ጠዋት እኮ ማለቢያው ሞልቶ ሁለተኛ ዕቃ ነው ያስመጣሁ።"

አባቴ ደግሞ አላስችል አለው። "ምን ሆና ትነጥፋለች፣ የሞጣ ዘር እኮ ናት።"

"የሞጣ? የመጣች ለታ የጎን አጥንቷን ቆጥረን ነው የተቀበልናት። የቢቸና ሣር ነው እንዲህ ያደረጋት።"

"እናቷን ስላላዩ ነው ወይዘሮ ስመኝ፣ እናቷን ቢያዩ።"

እንዲህ እያሉ ስለ ላም ሲከራከሩ እኔን ረሱኝ፣ ሽማግሌው ሁሉ ይስቃል፣ አበጀ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አባ ወልዴ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው "እንግዲህ ላሟ አልነጠፈችም፣ ሕፃኗ ድናለች፣ ከእናንተ ጾም የሻረ የለም። ይችን ልጅ በምን ጥፋቷ ነው የምትሰዷት?" አሉ።

አማቴ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። "ለመሆኑ ለአንዱ ቅል ስንት ነበር የምትሰጣት?"

"ስሙኒ እሜቴ።"

"ስሙኒ?" አሉ። ከሁሉም ነገር የከፋባቸው ይኸ ነበር። "የእኔን ላም ወተት በስሙኒ? ይችን ነው ነጋዴ ያልኳት? ከነገ ጀምሮ በሃምሳ ሳንቲም ከእኔው እጅ ትወስዳለህ።"

እና ያ ቅል ከዚያ ቀን ጀምሮ በአጥሩ ሥር ሳይሆን በደጅ ወጣ።

"ታዲያ እማሆይ፣ እርስዎ አሸነፉ ማለት ነው" ትለኛለህ? አማቴ ናቸው ያሸነፉት ልጄ። ገንዘቡ ከዚያ ወዲያ በእሳቸው መቀነት ነው የታሰረው፣ እኔ ሳንቲም አላየሁም፣ ስንጥ ኖርኩ። ለእኔ የቀረኝ አበጀ ነው። ስድስት ልጅ ወለድኩለት፣ የአንተም እናት ከእነሱ ናት። በል እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ፣ ይኸ ትርፍ ነው ኪሳራ?

"ትርፍ ነው እማሆይ።"

እሰይ፣ ትምህርትህ ገብቶሃል።