የማጽናኛው ወረቀት

መጋቢው የእህታቸውን ልጅ መሸሽ ከጀመሩ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ስልክ ሲደውል አያነሱም፤ ቤት ሲመጣ ጸሎት ላይ ናቸው ይባላል። ምን ያደርጋል፣ ሸሽተው ሸሽተው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ገጠሙት። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች ወረፋ ይዘው በሩን ስለዘጉት መመለሻም አልነበራቸውም።

«አጎቴ! እግዜር ነው ያገናኘን» አለ ወጣቱ፣ የያዘውን ቅጽ እያሳየ። «የነገረ መለኮት ኮሌጁ ምዝገባ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የቀረኝ የእርስዎ ፊርማና ማህተም ብቻ ነው። ዛሬ ካላስገባሁ አንድ ዓመት ሙሉ መጠበቄ ነው።»

መጋቢው ማህተሙን ከቦርሳቸው አይለዩትም፤ ይህን ደግሞ ልጁ ያውቃል። ቦርሳውን በብብታቸው ጠበቅ አደረጉና «ወይ ጉድ! አንዱ ዲግሪ አልበቃህም?» አሉ። «መሃንዲስ ነህ። በዚያ ላይ ስትሰብክ ሰው ሁሉ ያለቅሳል። ሦስት ዓመት ተቀምጠህ ምን ልትጨምር ነው? ጸጋ በዲግሪ የሚሰጥ ከሆነማ እኔ በምን አገለገልኩ?»

«ጸጋ በዲግሪ ይሰጣል ያለ የለም፣ አጎቴ። ግን እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። ድልድይ ለመሥራት አምስት ዓመት ተማርኩ። ያዘነ ሰው ለማጽናናት ግን አንድ ቀንም አልተማርኩ። ድልድዩ ቢሰነጠቅ ለሁሉም ይታያል፤ በእኔ ቃል ሰው ቢሰበር ማን ያየዋል?»

«ገና ሳትሄድ አፍህ እንዲህ ከተሳለ፣ ስትመለስማ ማን ይችልሃል!» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከጥርስ አላለፈም። «ስንቱን አየሁ መሰለህ። እንደ እሳት ሲነድ ሄዶ፣ በረዶ ሆኖ ይመለሳል። ጸሎቱ ይቀርና ክርክር ብቻ!»

ይህ ስጋታቸው ከንቱ ነው አይባልም፤ እንዲያ ሆነው የተመለሱ አሉ። መጋቢው ያልተናገሩት ሌላ ስጋት ግን ነበራቸው። ይህ በእጃቸው ያሳደጉት ልጅ ተምሮ ሲመጣ፣ ሠላሳ ዓመት የሰበኩትን እየነቀሰ እንዳያርመው ይፈሩ ነበር።

ተራቸው ደረሰና ለሠራተኛዋ የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍ የሰፈረበት፣ ጠርዙ የተበላ አንድ ገጽ ሰጧት። ነገ ቀብር አለ፤ ቀብር ባለ ቁጥር ይህንኑ ገጽ አባዝተው ለሐዘንተኛው ያድላሉ። «ሃምሳ ቅጂ፣ እህቴ» አሉ። ሴትየዋ ገጹን አየችው፤ ማሽኑ ላይ ግን አላስቀመጠችውም።

ወጣቱም አንገቱን አስግጎ አነበበው። «አጎቴ፣ ይህን የተናገረው ማን ነው?»

«ይሄም ጥያቄ ሆኖ! የእግዚአብሔር ቃል ነዋ!»

«መጽሐፉ ውስጥማ አለ። የሚናገረው ግን፣ ልጆቹን ባንድ ቀን ያጣውን ያን መከረኛ ሰው ሊያጽናኑ ከመጡት ወዳጆቹ አንዱ ነው። በደል ቢኖርብህ ነው እንጂ ይህ ባልደረሰብህ ነበር እያለው ነው። መጨረሻው ላይ እግዚአብሔር ራሱ ወዳጆቹን ይቆጣቸዋል፤ የተናገሩት ልክ እንዳልሆነ ይነግራቸዋል።» ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አጎቴ፣ እርስዎን ብቻ አይደለም የምለው። እኔም ከእርስዎ ቀድቼ አምና ሆስፒታል ውስጥ ለስንቱ በሽተኛ አነበብኩት። አንድ የኮሌጁ መምህር በሽተኛ ሊጠይቁ መጥተው ሰምተውኝ ‹ተናጋሪው ማን ነው?› ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ።»

መጋቢው ምዕራፉን በቃላቸው ያውቁታል። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው አያውቁም።

«ይህን ወረቀት አውቀዋለሁ» አለች ሠራተኛዋ። «የልጄ ቀብር ላይ አንብበውታል፣ መጋቢ። ስድስት ዓመቷ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምን በድዬ ይሆን እያልኩ ራሴን ስመረምር ኖርኩ። ቤተ ክርስቲያን የቀረሁትም በዚሁ ነው። ታዲያ እግዜር አላለውም ነው የምትሉኝ?»

«አላለውም» አለ ወጣቱ።

መጋቢው አሁን ገና ልብ ብለው አዩዋት። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ስላለቀሰ ደህና የሰበኩ መስሏቸው ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንደዚያን ሰዓት አፍረው አያውቁም።

«ተሳስቼ ነው፣ ልጄ» አሉ። «አላውቅም ነበር እንዳልል፣ ጠይቄ ማወቅ እችል ነበር። ይቅር በዪኝ።»

ሴትየዋ እስክሪብቶ አቀበለቻቸውና «የልጁን ቅጽ ይሙሉለት፤ ሰዓቱ ሄዷል» አለች። ወረፋ የያዙትም ቢሆኑ አላጉረመረሙም።

ቅጹ ላይ የአመልካቹ መማር ለቤተ ክርስቲያኒቱ ምን እንደሚጠቅም የሚጠይቅ ቦታ አለ። መጋቢው ቀስ ብለው ጻፉ፦ «እኛ በቅን ልብ፣ ግን ሳንማር ተናግረን ሰው አቁስለናል። ይህ ልጅ ይማር። ቃሉን ማን እንደተናገረው፣ ለማንና ለምን እንደተነገረ ሳይመረምር አፉን እንዳይከፍት። ያዘነን ሰው ከመምከሩ በፊት ማዳመጥን ይልመድ። ተመልሶም እኛን አገልጋዮቹን ያስተምር፤ ከፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

ፈረሙና ማህተሙን አተሙ። «እሳቱን ግን እንዳታጠፋው» አሉት።

«እርስዎ በጸሎት ይጠብቁልኝ» ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ ወደ ኮሌጁ በረረ።

ሴትየዋ አሮጌውን ገጽ አንስታ «ይህንስ ላባዛው?» አለች።

«አታባዢው።»

«ታዲያ ነገ ምን ሊሉ ነው?»

መጋቢው ትንሽ አሰቡ። «እንጃ» አሉ። «የምለው እስካገኝ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።»

ገጹን አልመለሰችላቸውም። አጣጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችውና ሲወጡ ከኋላ ጠራቻቸው። «መጋቢ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?»