ኖር ያለው ሽፍታ

በእኛ ጊዜ ሰው የሚሞተው አንዴ ነበር። ይሄ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ፍሩትቬል ሰፈር ጎረቤቴ የነበረው ጌታሁን ግን አሥራ ሰባት ጊዜ ሞቷል፤ ሚካኤልን እላችኋለሁ፣ ብምልም አታምኑኝም። የካውቦይ ፊልም ተዋናይ ነበራ! ከፈረስ ይወድቃል፣ ይሞታል፣ ተነስቶ አቧራውን ያራግፋል፣ በሌላ ሳምንት ሌላ ፊልም ላይ ይሞታል። ታዲያ እናቱ እማማ ዘነቡ በሞተ ቁጥር ደረታቸውን ይደቁ ነበር፤ በመጨረሻ፣ የምትናገርበትና የማትሞትበት ፊልም ሳታሳየኝ ደጄን እንዳትረግጥ ብለው ቁርጡን ነገሩት።

እንዲህ ያለ ፊልም ተገኘ። ሳን ሆዜ ማዶ፣ ለፊልም ሲሉ ከጣውላ በሠሩት ከተማ። ማንንም የማይፈራ ሽፍታ ሆኖ መጠጥ ቤት ይቀመጣል፣ ሸሪፉ፣ ማለት የከተማው ፖሊስ አዛዥ፣ ሲገባ ንቅንቅ ሳይል "ይሄ ወንበር ባለቤት አለው" ይላል፤ በቃ። እኔ በመኪናዬ ራይድ ሰጥቼው ጥግ ይዤ አያለሁ። ሸሪፉ ገባ። ጢሙ ጥጥ የመሰለ፣ የኖኅን ታላቅ ወንድም የሚያክል ሽማግሌ! ጌታሁን ብድግ አለና "ኖር!" አለ። ትልቅ ሰው ሲገባ እንዴት ይቀመጥ? ያሳደጉት እማማ ዘነቡ ናቸው። ዳይሬክተሯ ድገሙት አለች። ሸሪፉ ገባ፣ ጌታሁን ብድግ። ሦስተኛም ብድግ። እና ሴትዮዋ ጠጋ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንዴ ደግሞ ከተነሳህ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ አለችው።

ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ጠራኝ።

"ጋሼ፣ በቀበቶዎ ከወንበሩ ጋር ይጠፍሩኝ።"

"ሱሪዬስ?"

"በእጅዎ ይያዙት። ይሄ ካመለጠኝ የእናቴን ደጅ አልረግጥም።"

ጠፈርኩት፤ በአንድ እጄ ሱሪዬን፣ በሌላው ልቤን ይዤ ቆምኩ። ዝንብ እንኳ ክንፏን አጠፈች። በሩ ሲጥ አለ። ሸሪፉ አንድ ተራመደ፤ ጌታሁን ወንበሩን በሁለት እጁ ጨበጠ። ሁለት ተራመደ፤ ደም ሥሩ ተገተረ። ሦስተኛው ላይ፣ ሚካኤልን፣ ወንበሩን አዝሎ ብድግ! "ኖር!" እና እንደ ኤሊ እንደጎበጠ፣ "ይሄ ወንበር ባለቤት አለው" አለ።

ዳይሬክተሯ አፏን ይዛ መሬት ዘጭ አለች። አለቀለት ስል፣ ለካስ ሳቅ ኖሯል! ከዚያ ወዲህ ጌታሁን ሞቶ አያውቅም፣ አሳቂ ሽፍታ ሆኖ ቀረ።

ፊልሙ ሲወጣ እማማን ኦክላንድ ሲኒማ ቤት ወሰድናቸው፤ ጌታሁን ከኋላችን ተደብቆ የሳቸውን ማጅራት እንጂ ፊልሙን አያይም። እሳቸው ነጠላቸውን ነክሰው መሞቻውን ይጠብቃሉ። ታዲያ ልጃቸው ወንበር አዝሎ "ኖር!" ሲል፣ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ መሐል፣

"በእግዜር፣ ልጄ" አሉት፤ "ወንበሩን ግን አውርደው፣ ሽማግሌው ይቀመጡበት።"